የዩኒቨርሲቲ የውጤት አሰጣጥና የኮርስ ምዝገባ ሥርዓት በኢትዮጵያ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለቅጥር፣ ለደረጃ እድገትና ለትምህርት ዕድል የሚቀርቡ ማስረጃዎች በሚመረመሩበት ጊዜ ከዲግሪው ጋር አብሮ የሚታየው ዋናው ሰነድ የውጤት መግለጫው ወይም በተለምዶ አጠራሩ ትራንስክሪፕቱ ነው። በዚህ ሰነድ ላይ የሚሰፍሩት ፊደላትና ነጥቦች የሚመነጩት ከሁለት ተያያዥ ደንቦች ሲሆን፣ እነርሱም የኮርስ ምዝገባና የውጤት አሰጣጥ ደንቦች ናቸው። የሁለቱ ደንቦች ግንኙነት በሚገባ ካልታወቀ ብቁ የሆነ ተወዳዳሪ ሊገለል፣ ያልተሟላ ማስረጃም ሊያልፍ ይችላል።

የሕግ መሠረቱ

የአገሪቱ ዘመናዊ የከፍተኛ ትምህርት የሚነሳው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተቋቋመበት ከ1943 ዓ.ም ነው። ኮሌጁ ከሌሎች ተቋማት ጋር ተዋህዶ በ1954 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ሲሆን፣ ከ1966 ዓ.ም አብዮት በኋላ የአሁኑን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስም ይዟል። ዘርፉ በስፋት ማደግ ከጀመረ በኋላ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ወጥቷል። ይህም በአዋጅ ቁጥር 650/2001፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተተክቷል።

አዋጆቹ አጠቃላይ ማዕቀፉን የሚደነግጉ ሲሆን፣ ዝርዝሩ በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት በሚወጣው የሴኔት ሕግ ይወሰናል። አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ስንት ኮርስ መውሰድ እንደሚችል፣ እስከ መቼ ኮርስ መጨመር ወይም መተው እንደሚፈቀድለት፣ በምን ውጤት ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠውና በምን ውጤት እንደሚሰናበት የሚገለጸው በዚሁ ሰነድ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ደግሞ ደንቡን በሥራ ላይ የሚያውልና መዝገቡን የሚይዝ አካል ነው። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚቀበልበትን የራሱን የመግቢያ ፈተና እስከ መስጠት የሚደርስ ሰፊ ሥልጣን አግኝቷል።

የፊደልና የነጥብ ሥርዓት

በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው መለኪያ ከዜሮ እስከ 4 የሚደርስ ነጥብ ነው። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ደግሞ ዜሮ ይይዛሉ። በመካከላቸው ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ ማይነስ 1.75 ነጥብ አላቸው። ኤ ፕላስ ከኤ የላቀ ውጤትን ቢያመለክትም ነጥቡ ያው 4 ነው። ከመቶ የተገኘው ውጤት ወደ ፊደል የሚለወጥበት ወሰን በሁሉም ተቋማት አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ መርማሪው በትራንስክሪፕቱ ላይ የታተመውን መግለጫ ማንበብ ይኖርበታል።

ፊደል የሚሰጥበት ዘዴም በጊዜ ሂደት ተለውጧል። ቀደም ባሉት ዓመታት በብዙ ክፍሎች የተማሪው ውጤት የሚወሰነው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተነጻጽሮ ነበር። በዚህ አሠራር ከመቶ 60 ያገኘ ተማሪ ክፍሉ ደካማ ከሆነ ኤ፣ ጠንካራ ከሆነ ሲ ሊያገኝ ይችል ነበር። በኋላ ግን አስቀድሞ በታወቀ ቋሚ ወሰን መመዘን የተለመደ አሠራር ሆኗል። ስለሆነም በተለያየ ዘመን የተመረቁ ሁለት ባለሙያዎች የያዙት አንድ ዓይነት ፊደል የግድ አንድ ዓይነት ትርጉም አይኖረውም።

አማካይ ውጤት የሚሰላው የእያንዳንዱ ኮርስ ነጥብ በክሬዲት ሰዓቱ ተባዝቶ፣ ድምሩ ለተመዘገቡት ክሬዲት ሰዓቶች በጠቅላላ ተካፍሎ ነው። በሞጁላር ሥርዓት የተማሩ ተመራቂዎች ትራንስክሪፕት ከክሬዲት ሰዓት ይልቅ የአውሮፓውያንን የክሬዲት መለኪያ ሊያሳይ ይችላል። በዚህ መለኪያ የአንድ ሴሚስተር መደበኛ ጫና 30፣ የአንድ ዓመት ደግሞ 60 ነው። ሁለቱ መለኪያዎች የተለያዩ በመሆናቸው የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር በቀጥታ መደመርም ሆነ ማወዳደር አይገባም።

ምዝገባ በውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ

የምዝገባ ደንብ ውጤትን ምን ያህል እንደሚለውጥ በምሳሌ ማየት ይቻላል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለቡ መብራት ኃይል የሚኖር፣ ቀን በመንግሥት መሥሪያ ቤት እየሠራ በማታው መርሐ ግብር የሚማር አንድ ሠራተኛ ለአብነት ይወሰድ። ሠራተኛው በሴሚስተሩ በአራት ኮርሶች ተመዝግቧል እንበል። ባለ 3 ክሬዲቱን ኮርስ በኤ፣ ባለ 4ቱን በቢ ፕላስ፣ ሌላውን ባለ 3 በሲ አጠናቆ፣ ባለ 2ቱን ግን የሥራ ጫና ስለበዛበት ሳይከታተል ቀርቶ ኤፍ አገኘ። ድምሩ 12፣ 14፣ 6 እና ዜሮ፣ ማለትም 32 ነጥብ ይሆናል። ይህ ለ12 ክሬዲት ሰዓት ሲካፈል አማካይ ውጤቱ 2.67 ነው።

ይኸው ሠራተኛ ኮርሱን መከታተል እንደማይችል ቀድሞ ተረድቶ በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ በቅጽ ቢተወው ኖሮ፣ 32 ነጥቡ የሚካፈለው ለ10 ክሬዲት ሰዓት ስለሚሆን አማካዩ 3.20 ይደርስ ነበር። የሁለቱ ውጤቶች ልዩነት አንድ ቅጽ ብቻ ነው። ሆኖም 2.75 ወይም 3.00 ዝቅተኛ ነጥብ በሚጠይቅ የቅጥር ማስታወቂያ አንደኛው ሲያልፍ ሌላው ይወድቃል።

በአንጻሩ ኮርሱን መተው ዋጋ አለው። ኮርሱ ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ቀጣዩን መውሰድ አይቻልም፤ ኮርሱም እንደገና የሚሰጠው በሚቀጥለው ዓመት ከሆነ ምረቃው ሊዘገይ ይችላል። ኤፍ ያገኘው ተማሪም ቢሆን ኮርሱን ደግሞ በመውሰድ ውጤቱን ማሻሻል ይችላል። አዲሱ ውጤት የቀድሞውን በሚተካበት ደንብ ባለ 2 ክሬዲቱን ኮርስ በቢ ቢያልፍ ድምሩ 38፣ አማካዩም 3.17 ይሆናል።

በትራንስክሪፕት ላይ ያልተሟላ ውጤትን ወይም የተቋረጠ ኮርስን የሚያመለክቱ ምልክቶችም ይገኛሉ። እነዚህ ነጥብ ስለሌላቸው በአማካዩ ስሌት አይገቡም፤ በመሆኑም እንደ ውድቀት ሊቆጠሩ አይገባም። ያልተሟላ ውጤት በሴኔት ሕጉ በተወሰነው ጊዜ ካልተሟላ ግን ወደ ኤፍ ሊለወጥ ይችላል።

ምረቃና የመውጫ ፈተና

ለመጀመሪያ ዲግሪ ምረቃ በተለምዶ የሚጠየቀው ዝቅተኛ አጠቃላይ አማካይ ውጤት 2.00 ነው። አማካዩ ከዚህ ሲወርድ ተማሪው እንደ ደረጃው ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል ወይም ይሰናበታል።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች፣ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት የሚማሩት፣ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደርጓል። የማለፊያ ነጥቡ 50 በመቶ ነው። ፈተናው ሲጀመር የየተቋሙ ውጤት በአንድ አገራዊ ሚዛን የሚታይበት ሁኔታ ተፈጥሯል። ከፍተኛ አማካይ ውጤት ይዞ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ መኖሩ የተቋሙ ምዘና ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ጥያቄ ያስነሳል።

በመግቢያው በኩልም ተመሳሳይ ማጥበቅ ተደርጓል። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነዋል። የማለፊያ ነጥቡን ላላገኙ በተመረጠ ደረጃ የሚገኙ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ተዘጋጅቷል።

ለመርማሪዎች የሚጠቅሙ ነጥቦች

ማስረጃ የሚመረምር ሠራተኛ በመጀመሪያ ማየት ያለበት ባለማስረጃው ወደ ተቋሙ ሲገባ በጊዜው የነበረውን የመግቢያ መስፈርት ማሟላቱን ነው። ቀጥሎ ተቋሙና የትምህርት መስኩ በወቅቱ ዕውቅና የነበራቸው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ይህን ሥራ ቀደም ሲል በ1995ቱ አዋጅ የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ያከናውን የነበረ ሲሆን፣ አሁን ኃላፊነቱ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

በመጨረሻም ነጥቦቹን በራስ ማስላት ጠቃሚ ነው። የክሬዲት ሰዓቶቹና የነጥቦቹ ብዜት ከተጻፈው አማካይ ጋር የማይገጥም ከሆነ፣ ተደግሞ የተወሰደ ወይም የተተወ ኮርስ መኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል። ከዚህም በኋላ ልዩነቱ ካልተፈታ ምላሹን መጠየቅ የሚገባው በቀጥታ ከተቋሙ ሬጅስትራር ነው። በባለማስረጃው በኩል የሚመጣ ማብራሪያ የሬጅስትራሩን የጽሑፍ መልስ ሊተካ አይችልም። ይህ አሠራር ሐሰተኛ ማስረጃን ለመለየት ከማገዙም በላይ፣ በድካሙ ያገኘውን ውጤት ይዞ የቀረበ ሠራተኛ በአንድ ምልክት የተሳሳተ ንባብ ምክንያት መብቱን እንዳያጣ ይጠብቀዋል።