ለመስጊድም ለቤተ ክርስቲያንም ቦታ ሰጪው ማን ነው?

የሃይማኖት አክራሪነት በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ወደ ሰባኪው ያዘነብላል። እኔ ግን የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት በአገራችን የሚፈተነው ከስብከቱ ይልቅ በመሬቱ ላይ ነው ባይ ነኝ።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ደንግጎ ነበር። «ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» ይባል በነበረበት በዚያው ዘመን ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰፊ መሬት ሲኖራት፣ በብዙ የሰሜን አካባቢዎች ሙስሊሙ ርስት አልነበረውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ፣ ክርስቲያኖችም የተሳተፉበት፣ የጠየቀው እኩልነትንና ይህንኑ መለያየት ነው።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. መሬትን ሲወርስ የቤተ ክርስቲያንም መሬት አብሮ ተወረሰ። ጋብቻው ፈረሰ፤ ጣልቃ ገብነቱ ግን ባሰ። በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው የተነሡት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው አለ። በአንቀጽ 40 ደግሞ መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አደረገ። ሁለቱን አንቀጾች አብረን የምናነባቸው ስንቶቻችን ነን? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለአምልኮ የሚሆን ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ወሳኙ ግን ካቢኔ ሆነ። እንግዲህ በሃይማኖት ጣልቃ የማይገባው መንግሥት አማኙ የት እንደሚሰግድና የት እንደሚያስቀድስ የሚወስን ባለመሬት ነው።

የዚህ ውጤት ጎልቶ የታየው በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ነው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያስመረረው ሕዝብ ወደ እነዚህ ከተሞች ጎረፈ፤ ብዙው ከገበሬ ላይ ያለ ካርታ ገዝቶ ሠራ። ሰው በሰፈረበት ሁሉ ጸሎት ቤት ያሻዋልና፣ ያለ ካርታ የቆመው መኖሪያ ቤት ብቻ አልነበረም። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ በኋላ አስተዳደሩ ሕገ ወጥ ግንባታ ናቸው ያላቸውን መስጊዶች አፈረሰ። ግንቦት 18 እና 25፣ በሁለት ተከታታይ ዓርቦች፣ በአዲስ አበባ በአንዋር መስጊድ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ።

የከተማ ፕላን አይከበር አልልም። ነገር ግን መስፈርቱ በግልጽ ባልታወቀበት አገር የተከለከለው ሰው «ፋይሌ ውድቅ ሆነ» አይልም፤ «ሃይማኖቴ ተጠላ» ይላል። አክራሪውም ከዚህ የተሻለ ስብከት አይሻም። ስለዚህ የምደባው መስፈርት ለሁሉም እምነት አንድ ይሁን፤ በይፋ ይታተም፤ ምላሹ የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ ቅር የተሰኘ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ ከማፍረስ በፊት ምትክ ቦታ ይቅደም። ይህ እስኪሆን ድረስ አንቀጽ 11 በየከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት በር ላይ መቆሙ አይቀርም።