ቱርቦ የት ይቀመጥ? ከቪንተርቱር እስከ ፒክአፕ መኪና

የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ቀላል የማይባለው ክፍል ሥራ ሳይሠራ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ቱርቦቻርጀር፣ በሾፌርና በመካኒክ አነጋገር በአጭሩ ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ፣ ከዚህ ከሚባክነው ጉልበት ከፊሉን መልሶ አየር ለማመቅ ያውለዋል። በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ የተተከሉ ሁለት መዘውሮች አሉት፦ አንደኛው ጭሱ የሚያሽከረክረው ተርባይን፣ ሁለተኛው አየር ስቦ እያመቀ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሰድደው ኮምፕሬሰር ነው። የዚህ መሣሪያ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በፈረስ ጉልበት ጭማሪ ይተረካል፤ ይሁን እንጂ መሐንዲሶቹን ከመጀመሪያው አንስቶ ሲያስቸግር የኖረውና አንዳንዴም የሞተሩን ቅርጽ ሳይቀር የወሰነው ጉዳይ የመቀመጫው ቦታ ነበር።

የቪንተርቱሩ ተወላጅ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን ባስመዘገበው የፈጠራ መብት ኮምፕሬሰሩን፣ ባለፒስተኑን ሞተርና ተርባይኑን በአንድ ዘንግ አያይዟቸው ነበር። ሦስቱ አብረው እስከዞሩ ድረስ የቦታ ጥያቄ አይነሳም። ጥያቄው የመጣው ተርባይኑና ኮምፕሬሰሩ ከሞተሩ ዘንግ ተላቀው በራሳቸው ፍጥነት መዞር ሲጀምሩ ነው፤ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኛቸው ቧንቧ ብቻ በመሆኑ ቧንቧ በሚደርስበት ሁሉ ሊቀመጡ የሚችሉ መሰለ። ይህን ነጻነት መልሶ ያጠበበው ራሱ ቡኺ ነው። የጭስ ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር ጭሱ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ የሚወጣ በመሆኑ፣ ቧንቧው አጭርና ጠባብ ከሆነ፣ እርስ በርስ የማይሻሙ ሲሊንደሮችም በአንድ ቧንቧ ከተመደቡ፣ ግፊቱ ሳይዳከም ተርባይኑን እንደሚመታ በ1925 ባስመዘገበው ሌላ የፈጠራ መብት አስረዳ። በ1926 ባሕር ላይ የወረዱት ፕሮይሰንና ሃንዘሽታት ዳንትሲሽ የተባሉት የጀርመን መንገደኛ መርከቦች ባለ 10 ሲሊንደር ሞተሮቻቸው በቱርቦ አማካይነት ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ ሲሉ የሐሳቡ ጥቅም ታየ፤ በመርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ ግን ቦታ እምብዛም ችግር አልነበረም።

ቦታ የጠበበው በአውሮፕላን ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ በ1918 ቱርቦ የገጠመለትን የሊበርቲ ሞተር 4,300 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው የኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ ሞከረው፤ ከራስ ዳሽን ጥቂት ዝቅ ባለ በዚህ ከፍታ አየሩ ሲሳሳ ሞተር የሚያጣውን ጉልበት ቱርቦ እንደሚመልስ አሳየ። በ1941 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ፒ-47 ተዋጊ አውሮፕላን ጉዳዩን ወደ ጫፍ አደረሰው። ንድፉን ያወጣው የቲፍሊሱ ተወላጅ አሌክሳንደር ካርትቬሊ ሞተሩን ከፊት፣ ቱርቦውን ከአብራሪው ኋላ ወደ ጅራቱ አካባቢ አድርጎ፣ ጭሱንና አየሩን በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በተዘረጉ ወፋፍራም ቧንቧዎች አመላለሳቸው፤ የአውሮፕላኑ ግዙፍነትም ከዚህ አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነበር። በሩቁ ቱርቦ የታመቀው አየር በማቀዝቀዣ አልፎ ወደ ሞተሩ ሲመለስ፣ ከሞተሩ ጋር በጥርስ የተያያዘ ሌላ ኮምፕሬሰር እንደገና ያምቀዋል። ከእነዚህ ከሁለቱ ማመቂያዎች መካከል ርቀትን የቻለው የመጀመሪያው መሆኑ ኋላ ለመኪናም የሚሠራ ትምህርት ሆነ።

በመኪና በኩል የስዊሱ ሳውረር ፋብሪካ በ1938 ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና ሞተር አቅርቧል። ቦታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአደባባይ የታየው ግን በ1952 በኢንዲያናፖሊስ የመኪና ውድድር ነው። ከሚንስ ኩባንያ መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ባለ 6.6 ሊትር የናፍጣ ሞተሩን በጎኑ አስተኝቶ፣ ቱርቦ ጨምሮ አሰለፈው፤ ሾፌሩ ፍሬድ አጋባሺያን በማጣሪያው በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ገደማ አማካይ ፍጥነት ነድቶ ቀዳሚውን የመነሻ ቦታ ያዘ። ሆኖም የአየር መሳቢያው ለመሬት የቀረበ ስለነበር ከጎማዎች የሚፈናጠረው የላስቲክ ፍርፋሪ ዘጋውና ከ200ው ዙር በ71ኛው መኪናው ወጣ። ሞተሩን የረታው ተፎካካሪ ሳይሆን የአንድ ቀዳዳ ከፍታ ነበር ማለት ይቻላል።

ጥንድ ቱርቦ፣ ማለትም አንድ ትልቅ ቱርቦ ያመቀውን አየር ሌላ ትንሽ ቱርቦ ተቀብሎ እንደገና የሚያምቅበት አሠራር፣ የተፈለገው የአንድ ኮምፕሬሰር አቅም ወሰን ስላለው ነው፤ አየርን ከአራት እጥፍ በላይ በአንድ ጊዜ ማመቅ ሲሞከር ጉልበቱ እየጨመረ ወደ ሙቀትነት ይቀየራል። በተከታታይ ሲሆን ግን እጥፎቹ ይባዛሉ፦ ትልቁ 2 እጥፍ፣ ትንሹ 2.5 እጥፍ ቢያምቁ ሞተሩ ከውጭው አየር 5 እጥፍ የሆነ ግፊት ያገኛል፤ ሁለቱም ሳይጨነቁ። በአሜሪካ የትራክተር የመጎተት ውድድር ሥር የሰደደው ይህ ዘዴ ከዚያ ወደ ፒክአፕ ባለቤቶች ጋራዥ ተሻገረ።

ከ1989 ሞዴል ጀምሮ በዶጅ ፒክአፕ ላይ የተገጠመው ባለ 5.9 ሊትር የከሚንስ ሞተር ስድስት ሲሊንደሮቹን በአንድ ረድፍ ያሰለፈ ሲሆን፣ ጭሱ የሚወጣው በአንድ ጎኑ ነው። ባለቤቶቹ ጥንድ ቱርቦ ሲያስገጥሙለት ትንሹ የቡኺን ሕግ አክብሮ የጭስ መሰብሰቢያው ላይ ይጣበቃል። ትልቁ የሚቀበለው ትርታው የረገበ ጭስ ስለሆነ ራቅ ማለት ይችላል፤ ይሁን እንጂ ኮፈኑ፣ ባትሪው፣ ራዲያተሩና የሻንሲው ብረት ቦታውን አስቀድመው ይዘውታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ባትሪው ይነሳና ትልቁ ቱርቦ ከትንሹ ፊት ወይም ሥር ይገባል፤ ጭሱ ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ አየሩ በተቃራኒው ከትልቁ ወደ ትንሹ የሚሄድ በመሆኑ ሁለቱ ቧንቧዎች በዚያ ጥበት ውስጥ ይተላለፋሉ። ባለሙያውን የሚፈትነው ደግሞ ዘይት ነው። በደቂቃ ብዙ አሥር ሺሕ ጊዜ የሚዞረው ዘንግ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ሲሆን፣ ከዘንጉ የሚወርደው ዘይት ወደ ሞተሩ የሚመለሰው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ፣ የመመለሻው ቧንቧ ያለማቋረጥ ቁልቁል መውረድና ሞተሩ ውስጥ ካለው የዘይት ወለል በላይ መግባት አለበት። ትልቁ ቱርቦ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ዘይቱ መውረጃ አጥቶ በማሸጊያዎቹ በኩል ወደ ተርባይኑ ይሰርጋል፣ መኪናውም ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ መፍትሔውም ዘይቱን የሚስብ ትንሽ ፓምፕ መጨመር ነው።

ፎርድ በ2008 ሞዴል ጥንድ ቱርቦውን በፋብሪካ ሠርቶ ባለ 6.4 ሊትሩ ቪ-8 ፓወር ስትሮክ ላይ ሲያቀርብ፣ ሁለቱንም በሞተሩ ጀርባ በኩል ከላይ አስቀመጣቸው፤ ከግራና ከቀኝ የሚወጣው ጭስ በረጃጅም ቧንቧዎች ወደዚያ ይወጣል። ለመጠገን ግን አመቺ አልሆነም፤ መካኒኮች ቱርቦዎቹ ጋ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ጋቢናውን በሙሉ ከሻንሲው ያነሳሉ። በ2011 ሞዴል የመጣው ባለ 6.7 ሊትሩ ተተኪ ጥንዱን ትቶ ወደ አንድ ቱርቦ ሲመለስ፣ የሲሊንደር ራሶቹ የጭስ መውጫ ወደ ውስጥ፣ የአየር መግቢያው ወደ ውጭ ተገለበጠ፤ ቱርቦው በሁለቱ ረድፎች መካከል ተቀምጦ ጭሱን በአጭር መንገድ ይቀበላል፣ ጋቢናውም ሳይነሳ ሊወልቅ ይችላል።