የአነስተኛ ኤሌክትሪክ መኪና ካምቢዮ

የኤሌክትሪክ መኪና ካምቢዮ ከኤሌክትሪክ ሞተር የሚወጣውን ፈጣን ዙር ቀንሶ፣ የመዞር ኃይሉን ግን አብዝቶ ለጎማዎች የሚያስተላልፍ የማርሾች ሣጥን ነው። በነዳጅ መኪና ላይ ካለው ካምቢዮ የሚለየው ብዙውን ጊዜ አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው በመሆኑ ነው፤ ፍሪሲዮንም ሆነ ማርሽ መቀያየሪያ የለውም። ቀላልና ረጅም ዕድሜ ያለው ክፍል ቢሆንም ዘይቱ ሲጎድል፣ ውኃ ሲገባበት ወይም ኩሽኔታው ሲበላ ይበላሻል። ብልሽቱ በጊዜ ካልታወቀ በሞተሩ ላይ ጉዳት ሊያደርስ፣ በቁልቁለት ላይ ደግሞ የመኪናውን የማቆም አቅም ሊቀንስ ይችላል።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ። ከዚያ ቀደም ብሎም የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገው ነበር። በዚህ ምክንያት ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች፣ በተለይም የቻይና ሥሪት የሆኑት፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በብዛት መታየት ጀመሩ።

የየካ ክፍለ ከተማ በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ይገኛል። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ከመገናኛ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቶ ወደ ተራራው የሚወጣ መኪና ካምቢዮው በሜዳ ላይ ከሚነዳ መኪና የበለጠ ጫና ይደርስበታል። የነዳጅ ሞተር በከፍታ ቦታ አየር ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያቃጥል በዚህ ረገድ አይጎዳም። ሙሉ ጉልበቱም ሳይቀንስ በካምቢዮው በኩል ያልፋል።

አሠራር

በአብዛኞቹ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ካምቢዮ ውስጥ ሦስት ዘንጎች አሉ። የመጀመሪያው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝ ነው፤ ሁለተኛው መካከለኛ ዘንግ ነው፤ ሦስተኛው ዲፈረንሻሉን ይዞ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ያካፍላል። ሞተሩ በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ለምሳሌ በመጀመሪያው የኒሳን ሊፍ መኪና ይህ ቁጥር 7.94 ነው።

የዚህን ጥቅም በስሌት ማየት ይቻላል። ከነተሳፋሪዎቹ 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ ሲሄድ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል 980 ኒውተን ገደማ ነው። የጎማው ራዲየስ 0.27 ሜትር ቢሆን፣ ጎማው ላይ ወደ 265 ኒውተን ሜትር የመዞር ኃይል ያስፈልጋል። የካምቢዮው ቅነሳ 9 ለ 1 ከሆነ ግን ሞተሩ 30 ኒውተን ሜትር ያህል ቢሰጥ ይበቃል። ትንሽ ሞተር ዳገት መውጣት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጥርስ ሁለት ፊቶች

እያንዳንዱ የማርሽ ጥርስ ሁለት ፊት አለው። መኪናው ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ጥርሱን በአንደኛው ፊት ይገፋል። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ጎማዎቹ ሞተሩን ስለሚያዞሩ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ ጫናውም ወደ ሁለተኛው ፊት ይዛወራል። ከላይ የተጠቀሰው መኪና 600 ሜትር ከፍታ ቢወርድ 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ጉልበት ይለቀቃል። ከዚህ ውስጥ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ክፍል ሁሉ በካምቢዮው ጥርሶች በኩል ያልፋል። ስለዚህ በእንጦጦ ግርጌ የሚሠራ መኪና ሁለቱም የጥርስ ፊቶች ሊያረጁበት ይችላሉ።

በሞተሩና በጎማዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት በድንገት ቢቋረጥ ይህ በሞተር የማብረድ ሥራም አብሮ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የካምቢዮ ድምፅ መስማት የጀመረ መኪና ረጅም ቁልቁለት እንዳይወርድ የሚመከረው ለዚህ ነው።

የብልሽት መንስኤዎች

* የዘይት ማነስ፦ የዘይት መከላከያው ጎማ ሲያረጅ ዘይት በዘንጎቹ ዳር ይፈስሳል። ካምቢዮው የሚይዘው ዘይት ጥቂት በመሆኑ ትንሽ ፍሳሽም ይጎዳዋል።
* የውኃ መግባት፦ በክረምት የሞቀ ካምቢዮ ጎርፍ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየርም ስለሚኮማተር ውኃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ውኃ የገባበት ዘይት ወተት ይመስላል።
* የኩሽኔታ መበላት፦ ከእርጅና ሌላ ከሞተሩ መቆጣጠሪያ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ በዘንጉ በኩል ሾልኮ የኩሽኔታውን መንሸራተቻ ሊበሳሳው ይችላል።
* የዘንጉ ጫፍ መበላት፦ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኙት ጥርሶች ቅባት ሲያጡ ይዝጋሉ፣ ይሳሳሉ፣ በመጨረሻም ይላጣሉ። ሞተሩ እየዞረ መኪናው የማይንቀሳቀሰው ያኔ ነው።

ብልሽቱን ለይቶ ማወቅ

የኤሌክትሪክ መኪና ጸጥተኛ ስለሆነ የካምቢዮ ድምፅ ቶሎ ይሰማል። ሆኖም ከሌሎች ድምፆች ጋር ይምታታል። ለመለየት የሚከተሉትን ማስተዋል ይጠቅማል።

* ድምፁ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ከተለያየ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ጎማው ነው።
* መሪ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ጉርምርምታው ከጨመረ የጎማ ኩሽኔታ ይጠረጠራል።
* መሪው ሙሉ በሙሉ ዞሮ ሲነዳ ቀጭ ቀጭ ካለ ችግሩ የጎማው ዘንግ መገጣጠሚያ ላይ ነው።
* ዳገት ላይ ብቻ ወይም ቁልቁለት ላይ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ አንደኛው የጥርስ ፊት ወይም በዚያ አቅጣጫ ጫና የሚያርፍበት ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ሊሆን ይችላል።
* ነዳጅ መስጫውን በሚተካው ፔዳል ላይ እግር ሲጫንና ሲነሳ ጓ የሚል ድምፅ ካለ በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ሰፍቷል፤ ወይም የሞተሩ ማሰሪያ ጎማ ላልቷል።

ድምፁን በስልክ ቀድቶ በድግግሞሽ መለኪያ መተግበሪያ መመርመርም ይቻላል። የጎማው ዙሪያ 1.7 ሜትር የሆነ መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው በሰከንድ 6.5 ጊዜ ያህል፣ ሞተሩ ደግሞ 59 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ማርሽ 20 ጥርስ ቢኖረው ጥርሶቹ በሰከንድ 1,180 ጊዜ ገደማ ይነካካሉ። በዚህ ቁጥር አካባቢ ጎልቶ የሚታይ፣ ፍጥነት ሲጨምርም አብሮ የሚጨምር ድምፅ ካለ ጥርጣሬው ወደ መጀመሪያው ጥንድ ማርሽ ይሆናል።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ዘይቱ ነው። በማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ የተጠራቀመ ለስላሳ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው። በጣት የሚቆጠር የብረት ስባሪ ወይም ስንጥር ከተገኘ ግን ካምቢዮው መከፈት ወይም መለወጥ አለበት። የሚፈስሰው ከዘይት መከላከያው ብቻ ከሆነና ሌላ ምልክት ከሌለ መከላከያውን ብቻ መቀየር ይበቃል።

አለዋወጥ

ሥራው የሠለጠነ መካኒክ ይፈልጋል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ናቸው፤ ሲነኩ ሊገድሉ ይችላሉ። በዝቅተኛ ቮልት የሚሠሩ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎችም ቢሆኑ ባትሪያቸው በብረት መፍቻ ቢያያዝ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል።

1. መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ። በብዙ መኪናዎች የማቆሚያው ቁልፍ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ስለሆነ ዘንጎቹ ሲወጡ መኪናውን የሚይዘው አይኖርም።
2. የ12 ቮልት ባትሪው ይነቀላል፤ ቀጥሎም የትልቁ ባትሪ ማቋረጫ ይወጣል። በመመሪያው የተጻፈው ጊዜ ያህል ተጠብቆ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ በመለኪያ ይረጋገጣል።
3. መኪናው በክሪክ ተነስቶ በማይንሸራተት ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፤ የካምቢዮው ዘይት ይፈስሳል።
4. ጎማዎቹና የጎማ ዘንጎቹ ይወጣሉ። የገመዶቹ አቀማመጥ ቀድሞ በፎቶ ቢያዝ ስብሰባውን ያቀልላል።
5. ሞተሩ ከሥር ተደግፎ የካምቢዮው ብሎኖች ይፈታሉ፤ ካምቢዮው ሳይጠም ቀጥ ብሎ ይሳባል።
6. የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ይመረመራል። ጥርሶቹ ከተላጡ አዲስ ካምቢዮ ብቻውን አይበቃም፤ በአጭር ጊዜ እሱም ይበላል።
7. አዲሱ ካምቢዮ በአዳዲስ የዘይት መከላከያዎች ይገጠማል፤ ብሎኖቹ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጠብቃሉ፤ የታዘዘው ዓይነት ዘይት እስከ ምልክቱ ይሞላል።
8. ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ በዝግታ ይሞከራል፤ ከዚያ በሜዳ፣ በመጨረሻም በዳገት ይነዳል። ከሙከራው በኋላ ፍሳሽ መኖር አለመኖሩ ይታያል።

የመለዋወጫ ምርጫ

መልኩ የሚመሳሰል ካምቢዮ ሁሉ አይተካካም። በአካሉ ላይ የተለጠፈው ቁጥርና የማርሽ ቅነሳው ከቀድሞው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ቅነሳው ከተለየ የፍጥነት መለኪያው ሊሳሳት፣ የመኪናው ኮምፒውተርም የጎማውንና የሞተሩን ዙር አነጻጽሮ ስሕተት ሊያሳይ ይችላል። ያገለገለ ካምቢዮ ሲገዛ ዘንጉን በእጅ አዙሮ መሻከሩን መፈተሽና የዘይቱን ቀለም ማየት ያስፈልጋል።

የተበላሸ መኪናን ስለ መጎተት

አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር አላቸው። የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ከተጎተተ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህም መቆጣጠሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ካምቢዮው ወይም ሞተሩ የተበላሸበት መኪና በገመድ ከመጎተት ይልቅ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ጋራዥ መወሰድ አለበት።