በልጆች ላይ የሚከሰት የወገብ ዲስክ መንሸራተት፦ ምርመራና ቀዶ ሕክምና

ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል አካል ነው። የውጪው ሽፋን ሲሰነጠቅ ለስላሳው የውስጥ ክፍል ገፍቶ ይወጣና በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል። በልጆች ላይ ብዙም አይታይም፤ ሲታይ በአብዛኛው ታዳጊዎችን ያጠቃል፤ ብዙ ጊዜም ከመውደቅ ወይም ከስፖርት ጉዳት በኋላ ይጀምራል።

ምልክቱ ከአዋቂዎች ለየት ሊል ይችላል። ልጁ እግሩን እንደሚያመው ላይናገር ይችላል፤ ይልቅ ወገቡ ግትር ይላል፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ያቅተዋል፣ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ይራመዳል። መደንዘዝ ወይም የእግር መስነፍ ብዙ ጊዜ ስለማይኖር «ጡንቻው ተሳቦ ነው» ተብሎ ለወራት ይታለፋል።

ሐኪሙ ልጅዎን በጀርባው አስተኝቶ፣ ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግሩን ቀስ እያለ ያነሳል። ገና ትንሽ ከፍ ሲል ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ዲስክ ይጠረጠራል። ራጅ ዲስክን ስለማያሳይ «ራጁ ንጹሕ ነው» መባሉ ብቻውን አይበቃም፤ ዲስኩንና ነርቩን አጥርቶ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። በማደግ ላይ ባለ ልጅ የአከርካሪው ጠርዝ ከዲስኩ ጋር ተሰብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ይህን ሲቲ ስካን ይበልጥ ያሳያል፣ ቀዶ ሐኪሙም አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ዕጢ አለመሆኑ መጣራት አለበት። ምርመራው ሳያልቅ ወጌሻ ጋር ወስዶ ወገቡን ማሳሸት አደጋ አለው።

ሕክምናው የሚጀመረው ከስፖርት በማረፍ፣ በሕመም ማስታገሻና በፊዚዮቴራፒ ነው። የታዳጊ ዲስክ ገና ውኃ ያዘለና ጠንካራ በመሆኑ በዚህ ብቻ የመዳን ዕድሉ ከአዋቂ ያነሰ ነው፤ ያም ሆኖ መጀመሪያ መሞከር አለበት። ለሳምንታት ታክሞ ሕመሙ ካልቀነሰ ወይም እግሩ እየሰነፈ ከሄደ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ ወይም በመቀመጫውና በብልቱ አካባቢ ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

በቀዶ ሕክምናው ነርቩን የተጫነው የዲስክ ክፍል ብቻ ይወጣል። ወላጆችን በጣም የሚያስፈራው አከርካሪን በብረት ማሰር በአብዛኛው አያስፈልግም። የእግር ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይቀላል። ነርቭ መጎዳት፣ ኢንፌክሽንና የዲስኩ ዳግም መውጣት ሊያጋጥሙ ስለሚችሉ አስቀድመው ይጠይቁ። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ተነስቶ ይራመዳል፤ ወደ ኳስና ወደ ከባድ ሸክም የሚመለሰው ግን ሐኪሙ ሲፈቅድለት ነው።