ማተምና ማኅተም፦ በጣና ዳርቻ የቢሮ ወረቀት ሥልጣን ታሪክ

አማርኛ «አተመ» በሚለው አንድ ግሥ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎችን ይጠራል፤ አንደኛው በሰም ወይም በቀለም ምልክት አሳርፎ ሰነድን ማጽናት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጽሑፍን በመሣሪያ ማባዛት ነው። የግሡ ምንጭ የሆነው የግእዙ «ኀተመ» ዘጋ፣ አሸገ፣ ማኅተም አደረገ ማለት በመሆኑ፣ ማተሚያ የተባለው መሣሪያ ወደ አገሩ ሲገባ ስሙን የተዋሰው ከቀደመው ከማኅተም ነው። ዛሬ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሠራተኞች በጋራ የሚጠቀሙበት ፕሪንተር የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የመጣ ቢመስልም «ማተም የሚችለው ማን ነው?» የሚለው ነገር በጣና ዙሪያ ከብራና ዘመን ጀምሮ ሲጠየቅና በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ ሲሰጠው የኖረ ነው።

በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘው ደልጊ የጣቁሳ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በቁንዝላ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚያቀናው የጣና መርከብ ሲያርፍባት የኖረች ወደብም ናት። ከተማዋ የቤተ መንግሥት መቀመጫ ባትሆንም የምትገኝበት ስፍራ ግን ሦስት የወረቀት ሥልጣን ምንጮችን ያጎራብታታል፤ በሐይቁ ላይ የደሴቶቹ ገዳማት፣ በሰሜን ምሥራቅ የጎንደር ከተማ፣ በደቡብ ደግሞ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የአማራ ክልል መቀመጫ የሆነችው ባሕር ዳር ይገኛሉ። ስለዚህ እንደ ደልጊ ያለ የወረዳ ከተማ የቢሮ አሠራር የተወረሰው ከእነዚህ ከሦስቱ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በክብራን ገብርኤል፣ በዳጋ እስጢፋኖስና በሌሎቹ የጣና ገዳማት መጻሕፍት የሚቀመጡት ዕቃ ቤት በሚባለው ክፍል ነበር፤ ይህም የገዳሙ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት የሚጠበቁበት፣ መክፈቻውም በታመነ ሰው እጅ የሚቆይ ቤት ነው። ከቁልፉ በተጨማሪ መጻሕፍቱ ራሳቸው መጠበቂያ ነበራቸው፤ በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ወይም ባዶ ገጽ ላይ መጽሐፉን የሰረቀም ሆነ ጽሑፉን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝዝ ግዝት ይጻፍ ነበር። በዚህ ግዝት ውስጥ መስረቅና መፋቅ ለየብቻ መጠራታቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ የመጀመሪያው መጽሐፉን ከስፍራው ማውጣት ሲሆን ሁለተኛው መጽሐፉ በስፍራው እንዳለ ይዘቱን መለወጥ በመሆኑ፣ የብራናው ጠባቂዎች መውሰድንና መለወጥን እንደ ሁለት ልዩ ልዩ ድርጊቶች ይመለከቱ እንደ ነበር ያሳያል።

ይህ ጥንቃቄ ከመንፈሳዊ ጉዳይ አልፎ ወደ ንብረት የሚሻገረው፣ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ በጎንደር ዘመንም የመሬት ሽያጭና ውርስ፣ በወንጌል መጻሕፍትና በሌሎች የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ስለ ነበር ነው። ጉልት ማለት ከመሬት የሚገኘውን ግብር የመሰብሰብ መብት ሲሆን፣ መብቱ ሲሰጥ በጽሑፉ ላይ የሰጪውና የተቀባዩ ስም ብቻ ሳይሆን በዚያን ጊዜ የነበሩት ሹማምንትና ምስክሮች ስም በተራ ይዘረዘር ነበር። ዝርዝሩ ሰነዱ በማን፣ በማን ፊት፣ በማን ዘመን እንደ ተጻፈ በመናገሩ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ዳኛው የሚመለስበት የክንውን መዝገብ ሆኖ ያገለግል ነበር።

የቤተ መንግሥቱ ሥልጣን በበኩሉ በማኅተም ላይ የቆመ ነበር። በሚያዝያ 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የራስ ዓሊን የጦር አለቆች ድል ያደረጉት በዚሁ በጣቁሳ ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ደብዳቤዎቻቸው የንጉሠ ነገሥትነታቸውን ስም በያዘ ማኅተም ይጸኑ ነበር። ማኅተሙን የመያዝና የንጉሡን ቃል ወደ ጽሑፍ የመለወጥ ኃላፊነት ጸሐፌ ትእዛዝ የተባለው ሹም ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙም የጽሕፈት ሚኒስቴርን የሰጡት ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ከሥራ በራቁ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ በእርሳቸው ስም ይሰጡት የነበረው ሹመትና ሽረት በመኳንንቱ ዘንድ ቅሬታ አስነሥቶ፣ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን እንዲገለሉ ምክንያት ሆኗል። በዚያ ክርክር ውስጥ የነበረው ፍሬ ነገር፣ አንድ ትእዛዝ በትክክለኛው ስም ቢወጣም ከስሙ ጀርባ ያለው እጅ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነበር፤ የዛሬዎቹ የኮምፒውተር መረብ አስተዳዳሪዎች አንዱ ሠራተኛ በሌላው ስም ገብቶ ሲሠራ የሚያነሡት ጥያቄም ከዚህ አይለይም።

በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትና ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጆች የሚወጡበት ነጋሪት ጋዜጣ «ማተም» የሚለውን ቃል ወደ ማባዛት ትርጉሙ አዘነበሉት። ይሁንና ጋዜጣው በጽሕፈት ሚኒስቴር በኩል የሚወጣ በመሆኑ፣ ማኅተም ጠባቂውና ሕግ አሳታሚው አንድ መሥሪያ ቤት ሆነው ቀጠሉ፤ በነጋሪት የሚለፈፈው አዋጅ በወረቀት ሲተካም የነጋሪቱ ስም በጋዜጣው ላይ ቀረ።

በየአውራጃውና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግን ለውጡን ያመጣው ከማተሚያ ቤት ይልቅ የጽሕፈት መኪና ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ከ200 በላይ የሆኑትን የአማርኛ ፊደላት በጥቂት መምቻዎች ለማስተናገድ ፊደሉንና የድምፅ ምልክቱን ለይቶ በመምታት ያቀረቡት መፍትሔ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና መንገድ ከከፈተና ኦሊቬቲን የመሳሰሉ ኩባንያዎች መኪናውን ከሠሩ በኋላ፣ በመንግሥት ቢሮዎች ታይፒስት የተባለ ሙያ ተፈጠረ። ከአንድ በላይ ቅጂ ሲፈለግ በወረቀቶቹ መካከል ካርቦን ይገባል፤ ብዙ ቅጂ ሲያስፈልግ ደግሞ ጽሑፉ ስቴንስል በተባለው ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ተመትቶ በማባዣ ማሽን ይታተማል። ከዚህ አሠራር ጋር አብሮ የተደራጀው የሥራ ክፍፍል እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል፤ ባለሙያው ረቂቁን ያዘጋጃል፣ ታይፒስቷ ትመታለች፣ ኃላፊው ፈርሞ ቲተር የተባለው የስምና የማዕረግ ማኅተም ይደረግበታል፣ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሰጥቶ በክብ ማኅተም ያጸናዋል፣ ግልባጩም ግርጌው ላይ ስማቸው ለተጠቀሰው ክፍሎች ሁሉ ይላካል። በዚህ ሰንሰለት አንዱ ሰው ብቻውን ደብዳቤ ማውጣት ስለማይችል፣ የቢሮው ጥበቃ የተመሠረተው በእጆች መለያየት ላይ ነበር።

የማባዣው ኃይል በግልጽ የታየው በደርግ ዘመን ነው። ደርግን ይቃወም የነበረው የኢሕአፓ ልሳን «ዴሞክራሲያ» በስቴንስል እየተባዛ በኅቡዕ ይሠራጭ ስለ ነበር፣ በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት በተካሄደው አሰሳ ከጦር መሣሪያ ጋር የጽሕፈት መኪናና ማባዣ ጭምር ይፈለግ ነበር። ያለ ማኅተም የሚባዛ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ሥልጣን ሊኖረው እንደሚችል መንግሥት የተረዳ በመሆኑ፣ ቁጥጥሩ ከማኅተሙ ወደ መሣሪያው ወረደ፤ በየመሥሪያ ቤቱም የማባዣ ክፍል ቁልፍ የታመነ ሰው የሚይዘው ሆነ።

ከደርግ ዘመን አስቀድሞ በሌላው ዓለም የማባዣና የመግቢያ መብት ታሪክ በኮምፒውተር ላይ እየተጻፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሲቲኤስኤስ የተባለው፣ ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒውተር በየተራ የሚካፈሉበት ሥርዓት ሲጀመር፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ተሰጠው፤ በዓመቱ አለን ሼር የተባለ ተመራማሪ የተመደበለት ሰዓት ስላልበቃው የይለፍ ቃሎቹን መዝገብ ማተሚያው እንዲያትምለት በካርድ አዝዞ የሌሎችን ቃል በእጁ አስገባ። መዝገቡ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተጠበቀ ሆኖ ሳለ የወጣው በማተሚያው በር መሆኑ፣ የፕሪንተር ጉዳይና የመግቢያ ፈቃድ ጉዳይ ከመጀመሪያው የማይነጣጠሉ እንደ ነበሩ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሮበርት ሜትካፍ ኤተርኔት የተባለውን የኮምፒውተር መረብ ሲያቅድም፣ ከዓላማዎቹ አንዱ በየጠረጴዛው ያሉት ኮምፒውተሮች በዚያው ማዕከል የተሠራውን ሌዘር ፕሪንተር እንዲጋሩት ማድረግ ነበር፤ እንግዲህ ዛሬ ቢሮን ሁሉ የሚያስተሳስረው መረብ ከተወለደባቸው ምክንያቶች አንዱ ውድ ማተሚያን መካፈል ነው።

ይህ መረብ እስከ ጣና ዳርቻ ወረዳዎች የደረሰው በአስተዳደር ለውጥ ተገፍቶ ነው። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. በአማራ ክልልና በሌሎችም ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ እንዲወርድ ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በዞን ይሠራ የነበረው ዕቅድ፣ ሒሳብና ሪፖርት ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ተዛወረ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳ ኔት የተባለው የመንግሥት መረብ በሳተላይት በኩል በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ለማገናኘት ተዘረጋ፤ በፋይናንስ በኩል ደግሞ የብዙ ጽሕፈት ቤቶችን ሒሳብ አንድ የሠራተኞች ቡድን የሚይዝበት ፑል የተሰኘው አሠራርና ኢቤክስ የተባለው የበጀትና የሒሳብ ሶፍትዌር ሥራ ላይ ዋሉ። ኢቤክስን የሚጠቀም ሠራተኛ በራሱ የተጠቃሚ ስም ስለሚገባ፣ ሒሳብ የሚመዘግበውና የተመዘገበውን የሚያጸድቀው በማሽኑ ውስጥ ለመለየት ዕድል ተገኘ፤ ይህም የድሮው የእጆች ክፍፍል በአዲስ ልብስ መመለሱ ነው።

የፊደሉ ጉዳይ ግን ማተሙን ለብዙ ዓመታት አስቸግሯል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ሥርዓት እስኪካተት ድረስ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደላቱን በራሱ ቁጥር ይይዝ ስለ ነበር፣ በአንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ሌላ ቢሮ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆኖ ይታይ ነበር። ከዩኒኮድ በኋላም የቆዩት ሶፍትዌሮች ቶሎ ስላልተተዉ፣ ሠራተኛው ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ፊደሉ ወዳለበት ኮምፒውተር መሄዱን ቀጠለ፤ ፍላሹም ከቢሮ ቢሮ ቫይረስ የሚያዛምት ተጓዥ ሆነ።

በትንሽ ቢሮ የተለመደው አደረጃጀት የታይፒስቷን ክፍል ታሪክ ይደግማል። ፕሪንተሩ በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ በገመድ ይሰካና ለሌሎቹ በመረብ ይጋራል፤ ከሌሎቹ የሚመጣው የማተም ትእዛዝ በእርሷ ኮምፒውተር ውስጥ ወረፋ ይይዛል፣ እርሷ ኮምፒውተሩን ካጠፋች ግን ማንም አያትምም። ዊንዶውስ በዚህ ወረፋ ላይ ሦስት የፈቃድ ደረጃዎችን ያውቃል፤ የመጀመሪያው ማተም ብቻ፣ ሁለተኛው በወረፋ ያሉትን የሌሎች ሰነዶች ማቆምና መሰረዝ፣ ሦስተኛው የፕሪንተሩን አሠራር ራሱን መለወጥ ነው። ሰፋ ባለ ቢሮ እነዚህ ፈቃዶች ሰርቨር በተባለው ማዕከላዊ ኮምፒውተር ይያዙና ለሠራተኛው በግሉ ከመስጠት ይልቅ ለሥራ መደቡ ይሰጣሉ፤ ሒሳብ ሹሙ ሲዛወር ፈቃዱ ከመደቡ ጋር ይቀራል፣ የሄደው ሰው መግቢያም ይዘጋል። ሰርቨር በሌለበት ቢሮ ግን አንዱን የይለፍ ቃል ሁሉም ማወቁ፣ የተዛወረውም ሰው መግቢያ ሳይዘጋ መቅረቱ የተለመደ ነው።

ይህ ቸልታ ከስንፍና የመጣ ብቻ ሳይሆን ከታሪኩም የሚከተል ነው። ከፕሪንተር የወጣ ወረቀት ቁጥርና ክብ ማኅተም እስኪያገኝ ድረስ ደብዳቤ ተብሎ ስለማይቆጠር፣ ቢሮው እውነተኛውን በር በመዝገብ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ የፕሪንተሩን ፈቃድ የቶነርና የወረቀት ቁጠባ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። ማሽኑን ማላላት የሚያስከትለው አደጋ ግን ከቶነር ያለፈ መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዊንዶውስ የማተሚያ ወረፋ ፕሮግራም ላይ የተገኘውና ፕሪንት ናይትሜር የተባለው ክፍተት አሳይቷል፤ በእርሱ አማካይነት ተራ ተጠቃሚ ኮምፒውተሩን በሙሉ ሊቆጣጠር ይችል ነበር። በኢትዮጵያም ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያስቀጣል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 ደግሞ የሁለቱን ሥራዎች፣ የማጽናትንና የማባዛትን፣ ድንበር ያፈርሳል። አንድ ሰነድ በምስጢር ቁጥር ሲፈረም ጽኑ ሆኖ የሚቆጠረው መሳቢያ ሳይከፈትና ቀለም ሳይነካ በመሆኑ፣ ቀድሞ በሰንሰለቱ መጨረሻ ይጠብቅ የነበረው ማኅተም ወደ ተጠቃሚው መግቢያ ይዛወራል። አሠራሩ ወደ ወረዳ በወረደ መጠን፣ በጣና ዳርቻ ባለ ጽሕፈት ቤት ለባልደረባ የሚነገረው የይለፍ ቃል እስከ ዛሬ ፕሪንተርን ማዋስ ከነበረ ከዚያ በኋላ ክቡን ማኅተም ማዋስ ይሆናል፤ ማኅተሙን ለባልደረባ አውሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ መዝገብ ያዥ ደግሞ በየትኛውም ዘመን ከተጠያቂነት አላመለጠም።