ጎልማሳ ተማሪ ሳይረብሽ ይቀራል፦ የክፍል አያያዝና የጎልማሶች ትምህርት ስኬት

ስለ ጎልማሶች ትምህርት በሚደረጉ ውይይቶች በጀትና ሥርዓተ ትምህርት ደጋግመው ይነሳሉ። የክፍል አያያዝ ግን የሕፃናት መምህራን ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። የክፍል አያያዝ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጫጫታ ዝም ማሰኘትን፣ ረባሽ መቅጣትን ነው። ልጆች ያሳደገ፣ ዕድር የሚመራ፣ ለሽምግልና የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ክፍል ውስጥ አይረብሽም። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ አስተሳሰብ ነው። ጎልማሳ ተማሪ በእርግጥ አይረብሽም፤ ነገሩ ካልጣመው ይቀራል። በመሆኑም የአያያዝ ጉድለት በጎልማሶች ክፍል ጎልቶ የሚታየው በስም መጥሪያው ላይ ነው፤ ሲታይም ብዙውን ጊዜ የመመለሻው ጊዜ አልፏል።

ለክፍል አያያዝ ዘርፍ መሠረት ከጣሉት ጥናቶች አንዱ የተጀመረው በአዋቂዎች ክፍል መሆኑ ብዙ አይነገርም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄኮብ ኩኒን በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር አንድ ተማሪ ጋዜጣ ሲያነብ አይቶ ገሠጸው። ተግሣጹ ለአንድ ሰው ቢሆንም የመላው ክፍል ሁኔታ ወዲያው ተለወጠ። ሹክሹክታው ቆመ፤ ዓይኖች ሁሉ ወደ ደብተር ተመለሱ። ኩኒን ከዚህ ተነሥቶ ለዓመታት ተመራመረ፤ ውጤቱንም በ1970 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ። ያገኘው ነገር እርሱ ከጠበቀው የተለየ ነበር። ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ ብርቱውን መምህር ከደካማው አይለየውም። ልዩነቱ ያለው ከጥፋቱ በፊት በሚደረገው ነው፦ መምህሩ ክፍሉን በሙሉ በዓይኑ መያዙ፣ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ማስኬዱ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ክፍሉን ሳያንገጫግጭ መሻገሩ።

ኩኒን በኋላ ያተኮረው በሕፃናት ክፍሎች ላይ ነው። እኔ ግን ግኝቱ ለጎልማሶች ክፍል የበለጠ ይመዝናል እላለሁ። ሕፃን ቢገሠጽ ነገ ወላጁ እጁን ይዞ ይመልሰዋል። አንድ አባት በእኩዮቹ ፊት ቢዋረድ የሚመልሰው የለም፤ አጠገቡ ተቀምጦ ያየው ጎረቤቱም ነገ የእኔ ተራ ነው ብሎ ሊቀር ይችላል። የጎልማሶች ትምህርት ምሁሩ ማልኮም ኖውልስ አዋቂ የሚማረው ከሕፃን በተለየ መንገድ ነው ሲል አንድራጎጂ የተባለውን አስተምህሮ አስፋፍቷል። በ1970 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ንዑስ ርዕስ ላይ የሕፃናትንና የአዋቂዎችን የማስተማር ስልቶች እንደ ተቃራኒ አቅርቧቸው ነበር፤ በ1980 እ.ኤ.አ. እትም ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር መንገድ እንዳለ አድርጎ ለወጠው። ማስተካከያው ተገቢ ይመስለኛል። ጎልማሳም መመራት ይፈልጋል፤ የማይፈልገው እንደ ልጅ መቆጠርን ነው።

ይህን በተግባር ያሳየ አንድ ታሪክ አለ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በምትገኘው ጆንስ ደሴት፣ ጥቁር አሜሪካውያን በመራጭነት ለመመዝገብ ማንበብ እንደሚችሉ ማስመስከር ነበረባቸው። ከዚያ በፊት የተሞከረ የጎልማሶች ትምህርት ነበረ፤ ግን ከሽፏል። ትልልቅ ሰዎች በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው እንዲቀመጡ ተደርገው፣ ልጆች ይስቁባቸው ነበር። የአካባቢው መሪ ኢሳው ጄንኪንስ፣ ሃይላንደር የተባለው የጎልማሶች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መሪ ማይልስ ሆርተንና መምህርቷ ሴፕቲማ ክላርክ አዲስ ክፍል ለመክፈት ሲነሡ ለአስተማሪነት የመረጡት በማስተማር ልምድ የሌላትን የፀጉር ሠራተኛ በርኒስ ሮቢንሰንን ነበር። ሥራዋ ከሰው ጋር መቀመጥን፣ ማዳመጥን አስተምሯታል። በጥር 1957 እ.ኤ.አ. ክፍሉ በአንድ የኅብረት ሱቅ ጓዳ ተከፈተ።

ሮቢንሰን መጀመሪያ የያዘችው ለሕፃናት የተዘጋጀ መማሪያ ነበር፤ እንደማይሆን ወዲያው ተረዳች። ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ስማቸውን መጻፍ፣ ከልጆቻቸው የሚመጣ ደብዳቤ ማንበብ፣ ለምርጫ የሚያስመዘግበውን ጽሑፍ መወጣት ፈለጉ። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ የእርሻ ሥራ በሚቀንስበት የክረምታቸው ወራት ብቻ እንዲሰጥ ተደረገ። መቀመጫው፣ ሰዓቱ፣ ወቅቱ፣ መልመጃው፣ ሁሉም የአያያዝ ውሳኔ ነው። «የዜግነት ትምህርት ቤቶች» የተባሉት መሰል ክፍሎች በኋላ በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች የተስፋፉት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አለ። በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ተማሪውን ወደ ክፍል የሚያመጡት የገበሬና የቀበሌ ማኅበራት ነበሩ። ያ ግፊት በጎም ክፉም ጎን ነበረው፤ ዛሬ ግን የለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ያስተዋወቀው የተቀናጀ ተግባር ተኮር ትምህርት ተማሪው በፈቃዱ ሁለት ዓመት እንዲዘልቅ ይጠብቃል። የቀበሌው ግፊት ሲነሣ ሰውን ክፍል ውስጥ የሚያቆየው የክፍሉ አያያዝ ብቻ ነው። እዚህ ላይ መርሐ ግብራችን የሚገባውን ትኩረት አልሰጠም ባይ ነኝ።

የማታ ክፍልን እናስብ። ዴስኩ ቀን የሕፃናት ነው። አንዲት የቤት ሠራተኛ እራት አቅርባ፣ ዕቃ አጥባ ስትደርስ ትምህርቱ ግማሽ ሄዷል። መምህሩ «አሁን ነው የሚመጣው?» ብሎ በሁሉ ፊት ከጠየቃት፣ ለመምጣት የከፈለችውን ዋጋ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከንቱ አደረገው። አያያዝ የሚያውቅ መምህር የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ለክለሳ ይመድባል፤ በሩ አጠገብ መቀመጫ ይተዋል፤ የዘገየው ሰው ሳያስፈቅድ ይገባል። ገጠር ውስጥ ደግሞ የገበያ ቀን፣ የበዓል ቀንና ለቅሶ አለ። ከእነዚህ ጋር የሚጋጭ የጊዜ ሰሌዳ ገና ሲወጣ የመቅረትን ምክንያት ይዞ ይወጣል።

አጠራርም የአያያዝ አካል ነው። በጎልማሶች ክፍል የሚያስተምሩት አመቻቾች ብዙዎቹ ከተማሪዎቻቸው በዕድሜ ያንሳሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ወጣት የአባቱን እኩያ «አንተ» ብሎ ሰሌዳ ላይ ቢያስወጣ የፊደሉ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አብቅቷል። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «አንቱ» ማለት ሥልጣኑን አይቀንስበትም። ይሁን እንጂ አክብሮት ብቻውን አይበቃም፤ የተከበሩት አዛውንት ውይይቱን ሁሉ ይዘውት ዳር የተቀመጠችው ወጣት እናት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር ልትወጣ ትችላለች። ለዚህ የሚበጀው መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲያነቡ፣ ከዚያ ለክፍሉ እንዲያነቡ ማድረግ ነው። አጠገቧ ባለች ጓደኛዋ ፊት የተሳሳተች ሴት አታፍርም። ስሕተትም ጠጋ ተብሎ በደብተር ላይ ሊታረም ይችላል።

አዋቂን በሕግና በደንብ ማሰር ነፃነቱን መንካት ነው የሚል ተቃውሞ አለ። ጎልማሶቻችን ግን ከደንብ ጋር እንግዳ አይደሉም፤ በየዕድራቸው መተዳደሪያ አውጥተው፣ ለቀረና ለዘገየ መቀጫ ወስነው ይኖራሉ። ደንቡን የሚያከብሩት ራሳቸው ስለተስማሙበት ነው። ክፍሉም በመጀመሪያው ሳምንት የራሱን ደንብ ቢያወጣ መልካም ነው፦ ስልክ ሲጠራ ምን ይደረጋል፣ ሕፃን ያዘለች እናት የት ትቀመጣለች፣ ሰው ሲታመም ማን ይጠይቃል? ከሁሉ በላይ ደንቡ አስተማሪውንም ማሰር አለበት። ከቀን ሥራ መጥቶ በተቆለፈ በር ፊት የቆመ ሰው ያጣው አንድ ምሽት ብቻ አይደለም፤ ለመምህሩ ቃል ያለውን እምነትም ያጣል። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚቀር መምህር በእኔ ግምት ከየትኛውም ደካማ መጽሐፍ የበለጠ ተማሪ ያስቀራል።

እርግጥ አንዳንድ ችግሮች ከክፍሉ ውጭ ናቸው። ድካም፣ የኑሮ ጫናና የአመቻቾች አበል ማነስ በመምህሩ ብልሃት አይፈቱም፤ መንግሥትና ቀጣሪዎች ሊመልሷቸው ይገባል። ነገር ግን ወንበሩ፣ ሰዓቱ፣ አጠራሩና አራራሙ በመምህሩ እጅ ናቸው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቁም።

ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የጎልማሶችን ክፍል አያያዝ ራሱን የቻለ ኮርስ እንዲያደርጉት፣ ለአመቻቾች የሚሰጠው አጭር ሥልጠናም ከፊደል ማስቆጠሪያ ዘዴው እኩል ጊዜ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ለሪፖርት ስንት ሰው ተመዘገበ ብለው ብቻ እንዳይተዉ። የቀሩትን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው ለምን እንደቀሩ ይጠይቁ፤ መልሱንም ለመምህሩ ያድርሱለት።