በምዕራብ ጎጃም የልጆች ጨዋታና የወላጅ ኃላፊነት

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የልጆች ጨዋታ ለረጅም ዘመን በታላላቆች ዓይን ሥር ይካሄድ የነበረ ሲሆን፣ በተለይ በገና ጨዋታ፣ ማለትም ሩር የተባለችው ድቡልቡል በቆልማማ ዱላ በምትመታበት የሜዳ ግጥሚያ፣ ጉዳት ስለማይጠፋ ትንሹን ልጅ ከጎረምሶች መሐል ማራቅ የወላጅም የጎረቤትም ፈንታ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን መሰሉን ኃላፊነት በጽሑፍ አኖረ፤ አሳዳሪው፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ወላጁ፣ ዕድሜው 18 ያልሞላውን ልጅ አስተዳደግና ከሌሎች ጋር ያለውን ግንኙነት እንዲከታተል ደነገገ። የዛሬው የቪዲዮ ጨዋታ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚስማማ በማሸጊያው ላይ የሚያመለክተው የዕድሜ ምደባ ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በአውሮፓ በ2003 የተጀመረው ለገዢ ወላጅ ታስቦ ነው፤ እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ ከተሞች፣ ልጆች እየከፈሉ በሚጫወቱባቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ ወላጅ ማሸጊያውን ስለማያየው የቁጥጥሩ ሸክም በቤቱ ባለቤት ላይም ሊወድቅ ይገባል።